የአዳኝ ውሻ ክብር የማን ነው?

በአገራችን ሰውን ለማዋረድ ከሚሰነዘሩት ቃላት መካከል «ውሻ» የሚለውን ያህል ፈጥኖ ከአፍ የሚወጣ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን የሚወረውረው ሰው ራሱ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ የሚተኛው ደጅ ያደረውን ውሻ አምኖ ነው። በፋርጣና በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በጉና ተራራ ግርጌ ያለውን ገበሬ፣ ጅብ ከበረትህ የሚርቀው፣ ዝንጀሮም ከገብስህ የሚባረረው በማን ነው? ብለን ብንጠይቀው መልሱ አይጠፋውም። ታዲያ አገልግሎቱን እየፈለግን አገልጋዩን የምንንቅበት ምክንያት ምን ይሆን?

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የአዳኝ ውሾች ብሔራዊ ሻምፒዮና ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ውድድር በእኛ አገር ያልተለመደ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን። (ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1865 በእንግሊዝ አገር ሳውዝሂል በተባለ ስፍራ የአዳኝ ውሾች የመስክ ፈተና ተደረገ። በ1874 ደግሞ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ አጠገብ ተመሳሳይ ፈተና ተካሄደ። የወፍ አዳኝ ውሾች ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው ግን በ1896 ሲሆን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ዌስት ፖይንት በሚባል ቦታ ካውንት ግላድስተን አራተኛ የተባለ ሴተር አሸነፈ። ያ ዓመት ለእኛ የዓድዋ ዓመት ነውና፣ የውሻው ዜና ለአባቶቻችን ባይደርሳቸው አያስደንቅም። በ1909 ማኒቶባ ራፕ የተባለው ውሻ ከፖይንተር ዘር የመጀመሪያው ባለ ድል ሆነ። ሆባርት አሜስ የተባለ ባለ ፋብሪካ በቴነሲ በግራንድ ጃንክሽን አጠገብ ሰፊ እርሻ ገዝቶ ስለ ነበረ፣ ውድድሩ ከ1915 ጀምሮ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት በዚያ እርሻ ላይ ሲደረግ ኖረ።

የእኛን ልብ የሳበው የአሸናፊዎቹ ስም ዝርዝር ሳይሆን የፈተናው አኳኋን ነው። ውሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይለቀቃሉ፤ ዳኞቹም በፈረስ ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ ይከተሏቸዋል። ውሻው ሜዳውን ሲያስስ የድርጭት ሽታ ባገኘ ጊዜ ሩጫውን በድንገት ገትቶ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ ይቆማል። የሚመራው ሰው ደርሶ ወፎቹን ከሣር ውስጥ ያስነሣቸዋል፤ እርሳስ የሌለው ጥይትም ይተኮሳል። ክንፍ ሲርገበገብ፣ ጠመንጃ ሲጮኽ፣ ውሻው ከቦታው ንቅንቅ ሊል አይገባውም። ወፎቹ በርረው ይሄዳሉ፤ የሚሞት የለም። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ሕግ አለ። አንደኛው ውሻ አግኝቶ ሲቆም ሁለተኛው ከሩቅ እንዳየው እሱም ባለበት መቆም አለበት። በራሱ አፍንጫ ምንም ባያሸት እንኳ የባልንጀራውን ግኝት ሊሻማ አይፈቀድለትም። በሙያው ቋንቋ ይህ አቋቋም «ማክበር» ተብሎ ይጠራል። እኛ ቃሉን ስናነብ ስንት የጽሕፈት ቤት ሰዎች ይህን ፈተና ያልፉ ይሆን ብለን ማሰባችንን አንሸሽግም።

አሁን ወደ ራሳችን አደን እንመለስ። በቀደመው ዘመን በአገራችን ደገኛ ዘንድ የአደን ክብር የሚቆጠረው በግዳይ ነበር። ዝሆን ወይም አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ አንጠልጥሎ፣ በአደባባይ እየፎከረ ይገባል። ከፍ ያለው ስም የገዳዩ ነው። ፈረሱም ቢሆን ድርሻ አለው፤ እንዲያውም የፈረሱ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረሳቸው ስም «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር፤ በዚያው ከተማ የተቀመጡት ዐፄ ዮሐንስም «አባ በዝብዝ» ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ስሙን ከፈረሱ ሲዋስ አያፍርም ማለት ነው። ሆኖም ከመኳንንቱ መካከል በውሻው ስም ሲጠራ የሰማነው አንድም ሰው የለም። ፈረስ በጦር ሜዳ ጌታውን ይሸከማል፤ ውሻም ጌታው ያላየውን ያገኝለታል። አንዱ ስም ሲሆን ሌላው ስድብ ሆኖ ቀረ።

ምናልባት አንባቢ፣ «ውሻ ርኩስ ነውና» ይለን ይሆናል። መጽሐፉ ግን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋውም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 አውሬ የሰበረውን ሥጋ ሰው እንዳይበላው፣ ለውሻ እንዲጣል ታዝዟል። የጥንት የአይሁድ መምህራን ይህን ሲተረጕሙ፣ ሥጋው የውሻ ደመወዝ ነው ብለዋል፤ እስራኤል ከግብፅ በወጡበት ሌሊት ውሾች ምላሳቸውን እንዳላንቀሳቀሱ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 11 ተጽፏልና። በርኵሰቱና በደመወዙ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል። ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ቢሆንም የሠራበት አይቀርበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። ውሻ ዋንጫ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ደስ የሚለው ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ውሻን ማክበር ራስን ማክበር ነው የሚል ነው። እውነት አለበት። ነገር ግን የዐፄ ቴዎድሮስም ፈረስ ጌታው በስሙ መጠራቱን አላወቀም። ስሙ የሠራው ሥራ በሰዎቹ ላይ ነበር። ባላባቱ ፈረሱን እንደ ዕቃ እንዳይቆጥረው፣ ሎሌውም ገብሱን እንዳይሰርቅበት ያደረገው አንዱ ነገር ያ ስም ይመስለናል። ክብር ለተቀባዩ ባይገባውም ሰጪውን ያርመዋል።

ዋንጫው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን ግን አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ1836 ጀምሮ ዋተርሉ ካፕ የሚባል የጥንቸል አባራሪ ውሾች ውድድር ነበር። ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው በተለይ ለፍጥነትና ለመጠምዘዝ ቢሆንም፣ ጥንቸሏ አንዳንዴ በውሾቹ አፍ ትቀር ነበርና ብዙ ሙግት ተነሣ፤ በ2004 በወጣው የአደን ሕግ ምክንያት የ2005ቱ ውድድር የመጨረሻ ሆነ። በአሜሪካም ካውንት ኖብል የተባለው ስመ ጥር ሴተር በ1891 ሲሞት ቆዳው ተሞልቶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ንብረትን አለመልቀቅ? እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ደግሞም ያሸነፈው ውሻ ዘሩ በብዙ ገንዘብ ሲፈለግ፣ የተሸነፈው ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ሰው አይበዛም።

በእኛ አገር ዛሬ ማንም ውሻውን አስከትሎ እንደ ልቡ የሚያድንበት ጊዜ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ወስኖታል። እኛም አዋጁን እንደግፋለን። የግዳይ መንገድ ከተዘጋ ውሻው የሚቀረው ሌላው ሥራው ነው፤ ይኸውም ሌሊት መንቃት፣ ሽታ መለየት፣ መንጋ መጠበቅ ነው። ለዚህ ሥራ በደጋው ሰው ዘንድ የሚከፈለው ፍርፋሪ፣ ከዚያም አልፎ ዱላ ነው። ውሻው ሲታመምም አይታከምም፤ ያበደ እንደ ሆነ ይገደላል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ግን በፈረንሳይ አገር ሉዊ ፓስተር ለሰው ከሰጠበት ከ1885 ወዲህ የታወቀ ነገር ነው።

ቸልታው ደግሞ በውሻውና በጌታው ደጃፍ አያበቃም። በአገራችን ደጋዎች ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ያንን ውሻ ያሳደገው ሰው ቀበሮውን የመግደል አሳብ አልነበረውም። መንጋውን ሲጠብቅለት ኖሮ አንድ መርፌ ሳይወጋለት ቀረ እንጂ። እንደዚህ ያለውን ሰው ገዳይ እንበለው ወይስ አንበለው፣ በደብረ ታቦር ያሉ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ቢከራከሩበት ደስ ይለናል።