ሰው የማይናገረው ጌታ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 የምናገኘው ናባል 3,000 በጎችና 1,000 ፍየሎች ያሉት ባለጠጋ ነው። በቀርሜሎስ በጎቹን በሚሸልትበት ሰሞን፣ እረኞቹን በምድረ በዳ ሲጠብቅለት የከረመው ዳዊት አሥር ጎልማሶች ልኮ ስንቅ ቢለምነው፣ ከጌታው እንደኮበለለ ባሪያ ቆጥሮ ሰደበው።

ናባል የሚታወሰው በንፉግነቱ ነው። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን አንድ አገልጋይ ስለ እርሱ ለእመቤቱ ለአቢግያ የነገራት ነው፦ ጌታችን ማንም ሊያነጋግረው የማይችል ሰው ነው አላት። በስድቡ ምክንያት ጥፋት በደጅ መቆሙን ብላቴናው አውቋል፤ እመቤቲቱም አወቀች። በዚያ ቤት የማያውቀው አባወራው ብቻ ነበር።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር ይሁን ይላል። ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚታየን ሚስቱ ዝም ያለች፣ ልጆቹ የታዘዙለት ሰው ነው። ዝምታማ በናባል ቤትም ሞልቶ ነበር! ሽማግሌ ተልኮ ልጃችንን ቢጠይቀን እኛስ የምናጣራው ዘሩንና ሀብቱን አይደል? ናባል በሁለቱም ያልፋል፤ ከካሌብ ወገን ነው፣ ከብቱም ምድርን ሞልቷል። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ሚስቱ ወይም ሠራተኛው «ተሳስተሃል» ቢሉት በሰላም ያድራሉ?

አቢግያ 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ አምስት የተሰናዱ በጎች፣ ጥብስ እሸት፣ ዘቢብና የበለስ ጥፍጥፍ በአህያ አስጭና ወደ ዳዊት ወጣች። ለባሏ አልነገረችውም። ስለ እርሷ ሲሰበክ ትሕትናዋ ይወደሳል፤ ይህች ዐረፍተ ነገር ግን ቶሎ ትታለፋለች። ትሕትናዋማ እውነት ነው፤ በዳዊት እግር ሥር ወድቃለች። ወድቃም ሳለ የነገረችው ከባድ ነገር ነው፦ ነገ በእስራኤል ላይ ስትሾም ያለ ምክንያት ያፈሰስከው ደም ለኅሊናህ ዕንቅፋት ይሆንብሃል።

ዳዊት እስከ ንጋት ከናባል ቤት አንድ ወንድ አላስቀርም ብሎ ምሏል። ሰይፍ የታጠቁ 400 ሰዎች ተከትለውታል። በዚህ ሁሉ መካከል የማያውቃት ሴት መከረችው፤ እርሱም አመሰገናትና ተመለሰ። ገና ዙፋን ሳይኖረው ለንግሥና የሚበቃ ሰው መሆኑ ለእኔ የታየው ጎልያድን በጣለበት ቀን ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጠባይ ግን አንዴ ከተገኘ እስከ መጨረሻ የሚኖር አይደለም። ዳዊት ነግሦ ስለተመኛት ስለ ቤርሳቤህ ሲጠይቅ፣ የኦርዮ ሚስት መሆኗ ተነግሮታል። በዚያ ቤተ መንግሥት ለተግሣጽ የቀረበው ቃል ይህ ብቻ ነበር፤ ንጉሡም አልፎት ሄደ። የጦር አለቃው ኢዮአብም ኦርዮ እንዲሞት የሚያዝዘውን የንጉሡን ደብዳቤ ተቀብሎ የታዘዘውን ፈጸመ። አቢግያ ከናባል ሞት በኋላ የዳዊት ሚስት ሆናለች፤ በቤርሳቤህ ታሪክ ግን ስሟ አይነሣም። ነቢዩ ናታን መጥቶ ሲገሥጸው ዳዊት በደሉን አመነ፣ ይቅርታም አገኘ። በቀርሜሎስ መንገድ የሰማው ምክር የናባልን ቤት ሰዎች ከሞት አትርፏል፤ የናታን ተግሣጽ ግን ለኦርዮ አልደረሰለትም።