ለሌላው የሚሠራ ልብስ



በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ እናቶቻችን የቤቱን ሥራ ካገባደዱ በኋላም እጃቸው አያርፍም። አንዲቱ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርት ታሾራለች፤ ሌላይቱ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች፤ ሦስተኛይቱ ለልጇ ሹራብ ትጀምራለች። ሥራው በአንድ ጀንበር አያልቅም። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ ተፈትሎ፣ ድርና ማጉ በሸማኔው እጅ አልፎ፣ በመጨረሻም አራት እጥፍ ጋቢ ሆኖ የሰው ትከሻ እስኪያሞቅ ድረስ ብዙ ቀን ያልፋል።

የሹራብ ሥራም ትዕግሥትን ያስተምራል። አንዲት የክር ዘለበት ያመለጠቻት ሠሪ ስሕተቷ እስካለበት ድረስ ተርትራ ከዚያ ትቀጥላለች። ክሩን ግን አትጥለውም። በንስሐ የምንመለሰውን እኛንም እግዚአብሔር እንዲሁ ያደርገናል፤ የተሳሳትነውን ይፈታል፣ እኛን ግን አይጥለንም።

በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት በእጇ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር (የሐዋ. 9፥39)። ስብከት አልተዉላትም፤ ልብሱ ራሱ መሰከረላት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የተሠራው ሥራ ፍቅር የሆነው ሌላውን ሰው ስላለበሰ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልባችንን የሚወቅስ ነገር አለ። በጎንደር አካባቢ ሽመና በአብዛኛው የቤተ እስራኤልና የእስልምና ተከታይ ወገኖቻችን ሥራ ሆኖ ቆይቷል። እነርሱ የሠሩትን ነጭ ሸማ ለብሰን ወደ ጸሎት ሄድን፤ ሠሪዎቹን ግን ናቅን፣ በስድብ ስም ጠራን። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ አብዛኞቻችን ይቅርታ ሳንጠይቃቸው ተለያየን። ሸማው ነጭ ነበር፤ የለባሹ ልብ ግን አልነጻም።

ጌታችን በተሰቀለ ጊዜ የለበሰው እጀ ጠባብ ስፌት የሌለው፣ ወጥ ሆኖ የተሸመነ እንደ ነበረ ቅዱስ ዮሐንስ ይነግረናል (ዮሐ. 19፥23)። የሸመነውን ሰው ስም ግን አልጻፈልንም። ስሙ ያልታወቀ የእጅ ባለሙያ የሠራውን ልብስ የዓለም መድኃኒት እስከ ቀራንዮ ድረስ ለበሰው። እንግዲህ የእጅ ሥራን የሚንቅ ማንን እንደሚንቅ ያስተውል።

ስለዚህ በዚህ ሩብ ዓመት በየቁምስናችን ሁለት ነገር እናድርግ። መፍተልና ሹራብ መሥራት የሚያውቁ እናቶች ለልጆች ያስተምሩ፤ የመጀመሪያውም ልብስ ብርድ ለሚያንገበግበው ሰው ይሰጥ። ደግሞም ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በገበያ ስናገኝ የሚገባቸውን ዋጋ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር እንስጥ። መምህራንም ልጆቻችን ከእኛ የሰሙትን የንቀት ቃል ከአፋቸው እንዲያወጡ ይምከሩ።

ድርና ማግን አንድ አድርጎ ልብስ የሚያደርግ ጥበብን ለሰው የሰጠ አምላክ፣ የተለያየነውን እኛንም በፍቅሩ አንድ ያድርገን። አሜን።