በውድ ወይስ በግድ?

በማለዳ ጡሩንባ ሲነፋ የሰማ እድርተኛ ሥራውን አቋርጦ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ያመራል። ከቀብር የቀረ በደንቡ መሠረት ይቀጣል፤ ወርኃዊ መዋጮውን ያልከፈለም እንዲሁ። ቅጣት የበዛበት አባል «ለመሆኑ በእኔ ላይ ማን ሾማችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ የእድሩ ዳኛ መልስ አያጡም፤ «ደንቡ ሲነበብ ሰምተህ የፈረምህ አንተው ነህ፤ ካልተስማማህም መውጣት ትችላለህ» ይሉታል። ይኸው ሰው ያንኑ ጥያቄ ለግብር ሰብሳቢው ቢያቀርብስ? ፊርማው በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል?

ሊበርታሪያን በመባል የሚታወቁት አሳቢዎች ሙግታቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ነው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበረው አሜሪካዊው ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው «ሥርዓተ አልበኝነት፣ መንግሥትና ዩቶፒያ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ከሰው የድካም ዋጋ ላይ የሚወሰድ ግብር ከግዳጅ ሥራ እንደማይለይ ይከራከራል። የአምስት ሰዓት ድካሜን ፍሬ የወሰደብኝ፣ አምስት ሰዓት ያለ ፈቃዴ አሠርቶኛልና። በእርሱ አመለካከት የመንግሥት ተግባር ሰውን ከግፍ፣ ከሌብነትና ከማጭበርበር መጠበቅ፣ ውልንም ማስከበር ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ፣ ዓላማው የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ በሰው ገንዘብ መጽደቅ ነው።

ይህን ሐሳብ የባዕድ ቅንጦት አድርጎ ለማለፍ የሚቸኩል ሰው የእህል ኮታውን ዘመን ያስታውስ። በደርግ ጊዜ ገበሬው ከምርቱ የተመደበበትን ያህል፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። የተቆረጠው ዋጋ ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ስለ ነበረ፣ ማሳው ያልሰጠው ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በከፍተኛ ዋጋ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። እህል አምራቹ እህል ሸማች ሆነ ማለት ነው! ከተሜውንና ሠራዊቱን በርካሽ ለመመገብ ታስቦ እንጂ ገበሬውን ለመበደል ታስቦ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ኦስትሪያዊው ተወላጅ ፍሪድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስገነዘበው፣ ዋጋ ማለት ሰዎች በየጓዳቸውና በየማሳቸው ያለውን ዕውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። የማንን አዝመራ በረዶ እንደ መታው፣ የማን በሬ እንደ ሞተ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሥልጣን ከወዴት ያውቃል? የመልእክተኛውን አፍ ከዘጉት ወሬው አይደርስም። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከእነርሱ ጋር መስማማት አያዳግተኝም። የምቸገረው ወደ እድሩ ስመለስ ነው። «መውጣት ትችላለህ» የሚለው የዳኛው ቃል እውነት ነውን? ከእድር የወጣ ሰው አይታሰርም፤ ነገር ግን እናቱ በሞተችበት ቀን ድንኳን የሚተክልለት፣ አስከሬን የሚሸከምለት ያጣል። ይህን ፈርቶ የሚቆይ ሰው የሚቆየው በውድ ነው ወይስ በግድ? እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነፃነት በጻፈው መጽሐፍ፣ የኅብረተሰብ አስተያየትና ልማድ ከባለሥልጣን ትእዛዝ የከፋ ጨቋኝ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ዓይናቸውን ከመንግሥት ላይ የማይነቅሉት አሳቢዎች ይህን ገጽ ቶሎ ብለው የሚገልጡት ይመስለኛል።

መዋጮ መክፈል ላቃተውስ? መልሳቸው የሰዎች በጎ ፈቃድ ነው። በጎ ፈቃድ ግን እንደ ዝናብ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ይጥላል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ኖዚክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የቀድሞ አቋሙ ብርቱ ጉድለት እንዳለበት አምኗል፤ ሰዎች መተሳሰባቸውን በመንግሥታቸው አማካይነት በጋራ መግለጽ እንደሚሹ ዘግይቶም ቢሆን ታይቶታል።

በሰፈራችን እድር አንድ ጊዜ፣ ለወራት ያልከፈለ የቀን ሠራተኛ ስሙ እንዲሰረዝ ቀረበ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ፊርማውም አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እያንዳንዳችን ጥቂት ጨምረን እንክፈልለት አሉ። ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው ደገፈ፤ ውሳኔውም በሁሉም ላይ ጸና። ከተቃወሙት አንዱ ገንዘቡን እየቆጠረ «እኔ ለዚህ አልፈረምሁም» አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና ደረሰኙን ቆረጠለት።