ችግር ስርቆትን ያጸድቃልን?

ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው «የብስክሌት ሌቦች» በተባለው ፊልም፣ በሮም ከተማ ሥራ ፈት የነበረው አንቶንዮ ብስክሌት ካለው ብቻ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ተሰጠው። ሚስቱ አንሶላዎቿን ሰጥታ ከመያዣ ያስለቀቀችለት ብስክሌት ግን በመጀመሪያው የሥራ ቀን ተሰረቀ። ፈልጎ ቢያጣው የሌላ ሰው ብስክሌት ሰርቆ ተያዘ፤ ባለንብረቱም የሚያለቅሰውን ልጁን ብሩኖን አይቶ ማረው።

ከአባቱ ይልቅ ዓይናችንን የሚስበው ኤንዞ ስታዮላ የተጫወተው ይህ ትንሽ ልጅ ነው። ስለ ምን? ችግሩ አንቶንዮ ለምን እንደ ሰረቀ ያስረዳናል፤ የልጁ እንባ ግን ምን እንዳጠፋ ያሳየናል። መሰረቅ እንዴት እንደሚያም ከአንቶንዮ የበለጠ ማን ያውቅ ነበር? እንግዲህ እንደዚያ ባለንብረት ለችግረኛው እንራራ፤ ስርቆቱን ግን አናጽድቅ። እኛንም የሚያዩ ትንንሽ ዓይኖች አሉና።