የመብራት ምስክርነት

እስቲ ጓደኞቼ ልጠይቃችሁ፤ የአንድ ነገር እውነተኛ መልኩ የትኛው ነው? ማታ በመብራት ያያችሁት ወይስ ጠዋት በፀሐይ?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ጋምቤላ ገብቼ ሳለ፣ የወንድሟ ሐዘን ላይ ለነበረችው እናቴ ሻሽ ልገዛላት ማታ ወጣሁ። መስኮት በሌላት አንዲት ሱቅ፣ በነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሥር፣ ጥቁር ቡናማ ሻሽ መርጬ ከፈልኩ። ጠዋት እናቴ ደጃፍ ላይ ዘረጋችው። ቀይ ነው! ምንም ሳትል አጥፋ መለሰችልኝ። ዝምታዋ ከቁጣ የባሰ ነበር።

በንዴት ሄጄ ባለሱቋን፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት፣ በሰው ፊት «አታላይ ነዎት» አልኳቸው። እሳቸው ሻሹን ተቀብለው አምፖሉ ሥር ያዙት። መልሶ ቡናማ ሆነ። «ልጄ፣ እኔስ በምን ብርሃን አየሁት?» አሉኝ።

ታዲያ የዋሸው ማን ነው?

መብራት እኮ ቀለም አይቀባም። ጨርቅ ቀልቶ የሚታየው ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ቀዩን መልሶ ስለሚልክ ነው፤ ብርሃኑ ውስጥ ቀይ ካነሰ ምኑን ይመልስ? ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1965 አውጥቶ በ1974 ያሻሻለው መለኪያ አለ፤ ለመብራቶች እስከ 100 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ግን የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው። ድምቅ ያለው ቀይ ዘጠነኛ ሆኖ ለብቻው ይለካል እንጂ አማካዩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ 80 ያገኘ አምፖል ቀዩን ክፉኛ ሊያደበዝዝ ይችላል። ባለ ክሩ አምፖልስ? 100 ያገኛል፤ የሚነጻጸረው ግን የራሱን ዓይነት ብርሃን ከሚሰጥ የጋለ አካል ጋር ነው። ሰማያዊ ብርሃኑ ማነሱ ነጥቡን አይቀንስበትም። ዳኛና ምስክር ዘመዳሞች ሆኑ ማለት ነው!

ነገሩ ከሻሽ ወደ ሰው የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉ፣ ኦፖው፣ ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውም ስለ ጎረቤቱ ሲፈርድ እየሰማሁ አድጌአለሁ። ሁሉም የገዛ መብራቱን በገዛ መለኪያው ለክቶ 100 ይሰጠዋል። እኔም ያን ዕለት ያደረግሁት ይኸንኑ ነው።

«ፀሐይም ብትሆን የማለዳዋና የቀትሯ አንድ አይደለም፤ እንግዲያው ሁሉም ብርሃን እኩል ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ከሁለት ብርሃን የሚሻለው ሌላው የደበቀውን ልዩነት የሚያሳየው ነው። ሴትዮዋ ሳያውቁ ያሉት ሐሰት ስሕተት እንጂ ውሸት አይደለም። እኔ ግን ሰውን አታላይ ከማለቴ በፊት ሻሹን አምፖሉ ሥር ይዤ መሞከር እችል ነበር፤ አልሞከርኩም። የኔ ጥፋት ከሳቸው የሚከብደው ለዚህ ነው።

በማግስቱ በቀን፣ በሰው ፊት፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሻሹን በጥቁር ለወጡልኝ፤ ከመቀበሌ በፊት ግን ሁለታችንም ደጅ ይዘነው ወጣን።