የወንፈል ዕዳ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንድ የደጋ መንደር ላይ ተራራው ተናደ። ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ ቤቱ፣ በሬውና የዘር እህሉ ግን ጭቃ ውስጥ ቀረ። ወሬው ከተማ ሲደርስ የአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው ቆርቆሮና ሚስማር ገዙ፤ ከካህናቱ ቡራኬ ተቀብለው በቅጥቅጥ መኪና ተነሡ። ዘጠኝ ነበሩ። መጀመሪያ የማን ቤት ይሠራ ሲባል የመንደሩ ሰዎች አንድ ሽማግሌ መረጡ። የእሳቸው ቤት ቀርቶ ቤቱ የቆመበት መሬት እንኳ አልነበረም።

ወጣቶቹ ሥራ አልፈሩም። ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ባሕር ዛፍ ተሸከሙ፣ ምሰሶ አቆሙ፣ ጭቃ ረገጡ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ቆመው ያያሉ። «አባባ፣ በሩ በዚህ በኩል ይሁን?» ሲሏቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። «ግድግዳው እዚህ ላይ ይብቃ?» ሲሏቸው «ዕድሜ ይስጣችሁ» ይላሉ። ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው ምርቃት ሆነ። ወጣቶቹም እንዲህ ያለ አመስጋኝ ሰው አላየንም ተባባሉ።

በአምስተኛው ቀን ማታ ሽማግሌው አስተባባሪውን ለብቻው ጠሩና «ለመሆኑ የእናንተ ቀን መቼ ነው?» አሉት።

«የምን ቀን አባባ?»

«የወንፈሉ ነዋ። ዘጠኝ ሰው አምስት ቀን ሠራችሁልኝ። አርባ አምስት ቀን አለብኝ።»

«ኧረ እኛ ዋጋ አንፈልግም። ለነፍሳችን ብለን ነው የመጣነው።»

«ለነፍሳችሁ የሠራችሁት በእናንተና በእግዚአብሔር መካከል ነው፤ እሱ ውስጥ አልገባም። እኔ የምጠይቅህ የራሴን ነው። ናዳው ቤቴን ወሰደ፣ በሬዬን ወሰደ። የሰው ቀን የምመልስበት ጉልበቴን ግን አልወሰደም። እሱን ደግሞ እናንተ አትውሰዱብኝ።»

አስተባባሪው ነገሩን የሽማግሌ ትሕትና አድርጎ ቆጠረውና በምስጋና አሰናበታቸው። በማግስቱ ሽማግሌው ወደ ሥራው ቦታ ብቅ አላሉም። የመንደሩ ቄስ ወጣቶቹን ሰብስበው ነገሯቸው፦ «ደቦ ጠርተው እንዳያበሏችሁ እህል የላቸውም። ዝም ብለው እንዳይቀበሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቀን በልተው አያውቁም። የቀራቸው ወንፈል ነው፤ ለምን ትከለክሏቸዋላችሁ?» አስተባባሪው ደብተሩን አወጣ። የደብራቸው አጥር በገደሉ በኩል መደርመሱን፣ የሚክበው ሰው አለመገኘቱን ተናገረ። አርባ አምስት ቀን፣ አዝመራ ሲገባ፣ ተብሎ በቄሱ ፊት ተጻፈ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ጋቢያቸውን አውልቀው መጡ። «ይህ ምሰሶ ጠሟል፤ አውጡት» አሉ። «በሩ የዞረው ወደ ነፋሱ ነው፤ በወዲያ በኩል ይሁን» አሉ። ቆርቆሮው ላይ ወጥተው «ውኃው በሚወርድበት ላይ ሚስማር ይመታል እንዴ? ጉብታው ላይ ምቱት!» አሉ። አንድ ሙሉ ቀን የተሠራውን በማፍረስ አለፈ። ከወጣቶቹ አንዷ «አባባ፣ አምስት ቀን ሙሉ እያዩ ለምን ዝም አሉን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ምን ብዬ ልናገር ልጄ? የማይመልስ ሰው እኮ አፍ የለውም።»

በታኅሣሥ ሽማግሌው ስምንት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከተማ ገቡ። በሶና ቆሎ ቋጥረዋል፤ ዲጅኖና መዶሻ ይዘዋል። ቁልቁለት ላይ እርከን ሲሠሩ ያደጉ ሰዎች ናቸውና ድንጋዩን በእጃቸው መዝነው ያለ ስሚንቶ እየካቡ ወጡ። በሦስተኛው ቀን አስተባባሪው ከሥር አንድ ድንጋይ ሲነቃነቅ አየ። ትንሽ አፈረ፤ ግን ተናገረ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ነካ ነካ አደረጉት፤ «እውነትህን ነው» ብለው ነቅለው አወጡት። አርባ አምስቱ ቀን ሲሞላ ደብተሩን አስመጡና «እናንተም ድንጋይ ስታቀብሉን ሰንብታችኋል፤ እሱም ይጻፍ» አሉ።

ይህን ምሳሌ የምነግረው ለእርዳታ የሚሄዱትን ለመንቀፍ አይደለም፤ መሄዳቸው የተባረከ ነው። የሚያሳስበኝ የዚያ የአምስት ቀን ዝምታ ነው። ስጦታ የተቀባዩን አፍ ሲዘጋ ምሰሶው ጠሞ ይቀራል፣ ሚስማሩም ውኃ መውረጃው ላይ ይመታል። ቡድኑ በመሰነባበቻው ዕለት ፎቶ ተነሥቶ ሲመለስ በቀጣዩ ክረምት የሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የሚያድረው ባለቤቱ ነው።

ደግሞም ከሩቅ የሚሄድ ቡድን የመጀመሪያው ረጂ አይደለም። ሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬቱ ሲናድ ቀድመው የደረሱት ጎረቤቶች ናቸው። በእጃቸውና በአካፋ ጭቃውን ሲዝቁ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ሊያወጡ የመጡ ነበሩ። እንዲህ ነፍሱን ለሰው የሚሰጥ ሕዝብ ዘንድ የሚደርስ ቡድን ሕዝቡን እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ አድርጎ ቢያየው ትልቅ በደል ነው።

መስጠት የሞላለት ሰው ብቻ ሥራ እንዳልሆነ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ታውቃለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኆች ሲያሰባስብ ራሳቸው የተቸገሩት የመቄዶንያ ምእመናን ከመዋጮው አታስቀሩን ብለው ለምነውታል። አገራችንም ይህን አድርጋዋለች። የ1977ቱ ረሃብ ገና ሳይሽር፣ መስከረም 1978 ሜክሲኮ ሲቲን የምድር መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ላከ። ጣሊያን በ1928 ሲወረን ሜክሲኮ ከጎናችን ቆማ ነበርና። ከዓለም ሁሉ ስንዴ ስንቀበል በነበረበት ዘመን የተላከው ያ ገንዘብ ባለውለታም ባለዕዳም ሆነን መኖር እንደምንችል የተናገርንበት ነው። ባሰብኩት ቁጥር ያኮራኛል።

እንግዲህ ቡድን የምትልክ ደብር ወይም አጥቢያ የቆርቆሮውን ዝርዝር ስታወጣ ሌላም ነገር ትጠይቅ፦ የምንሠራላቸው ሰዎች እኛ ዘንድ መጥተው ምን ይሠሩልናል? የሚክብ ይኖራል፣ እንጨት የሚጠርብ ይኖራል፣ ልጆቻችንን እርሻ የሚያስተምር ይኖራል። ቀኑ እዚያው፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሳይቆፈር ይቆረጥ። የመምጫቸውን መኪናም ደብሯ ትላክ። ሲመጡ መድረክ ላይ አውጥታ ምስጋና አታስነግራቸው፤ ከጧት ጀምሮ ሥራ ትስጣቸው።