መንገዱ ለማን ያምራል?

ለመሆኑ መንገድ የሚያምረው ለማን ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁንና ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ፣ ከቦንኬ ወዲያ ባለው በካምባ ተራራማ አገር በእግሩ የተጓዘ ሰው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም። እንሰት ከከበበው ጓሮ ወጥቶ፣ የገብስ ማሳ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ጋራው አናት የሚወጣው ጠባብ ዱካ፣ ቆላው ከታች በጉም ተሸፍኖ በሚታይበት ማለዳ ተመልካቹን ባለበት ያቆመዋል። በዚሁ ዱካ ላይ ግን እንጨት የተሸከመች እናት፣ ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት፣ በቃሬዛ የተያዘ በሽተኛም ያልፋሉ። እንግዳው ሊዝናናበት የመጣው መንገድ ለነዋሪው ከቤቱ የሚወጣበትና ወደ ቤቱ የሚገባበት ብቸኛው መንገድ ነው።

በአገራችን ተፈጥሮን ለማየት በእግር መጓዝ ከተለመደ ሰንብቷል። የሰሜንና የባሌ ተራሮች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ በወሎ መቄትም ገበሬዎች ራሳቸው እንግዳ ተቀባይ ሆነው መንገደኛውን ከመንደር ወደ መንደር ይሸኙታል። በጋሞም ዶርዜና ጨንቻ የእንግዳ እግር የለመዳቸው ናቸው፤ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጉጌ ተራራም የብርቱ ተጓዦች ምኞት ነው። ብስክሌትን በተመለከተ ብዙ ማለት አይቻልም። ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ የተመቸ መጓጓዣ ነው፤ በጋሞ ዳገት ግን ሰውዬው ብስክሌቱን መሸከሙ አይቀርም።

በስፋቷ ከአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶች ሁሉ የምታንሰው ሮድ አይላንድ፣ ከፕሮቪደንስ ከተማ እስከ ብሪስቶል በባሕሩ ዳርቻ የሚዘልቅ፣ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የብስክሌትና የእግር መንገድ አላት። መንገዱ የተዘረጋው ቀድሞ ባቡር ይመላለስበት በነበረ መስመር ላይ ነው። እዚያ ሥራው አስቀድሞ ለቅቆ ሄደ፤ መዝናኛው የመጣው በባዶው ቦታ ነው። ስለዚህ በብስክሌት የሚንሸራሸረው ሰው የማንንም ሸክም ገፍቶ አያልፍም። በካምባ ግን ሥራው መንገዱን አልለቀቀም። የእኛ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ነገሩን በአጭሩ ሊቋጩት ይሞክራሉ። ውበትን ማየት የሥራ ፈት ሰው ጸጋ ነው፤ ሸክም የተሸከመ ሰው ከእግሩ ሥር በቀር የሚያየው የለም፤ ስለዚህ ጎብኚው ከነዋሪው የሚወስደው አንዳች ነገር የለም ይላሉ። እኔም በከፊል እንዲህ ሳስብ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን የአካባቢው ተወላጅ ከሆነ መምህር ጋር ስንወጣ፣ እንጨት የተሸከሙ አንዲት አሮጊት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው ወደ ቆላው ሲመለከቱ አገኘናቸው። በመምህሩ አስተርጓሚነት «እናቴ፣ ምን እያዩ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዝናቡ የት እንደ ደረሰ ነው፣ ልጄ። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ አያለሁ» አሉ።

ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ነው ብዬ ልጽፈው ስል፣ መምህሩ አንድ ነገር አሳየኝ። ጥቂት ዝቅ ብሎ ጥላ ያለው፣ ለመቀመጥም የሚመች ቦታ ነበር። የአካባቢው ሴቶች ግን ያንን አልፈው ሸክማቸውን የሚያሳርፉት ጥላ በሌለበት፣ አገሩ ሁሉ በሚታይበት በዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩም ከብዙ ዘመን ጀርባ የተነሣ ልሟል።

ከዚህ በኋላ ውበት የሥራ ፈት ነው የሚለውን ክርክር ልቀበለው አልቻልኩም። የዓለም ታሪክም አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 የማንቸስተር ሠርቶ አደሮች፣ ባለርስቶች ለአደን ዘግተው በያዙት የኪንደር ስካውት ጋራ ላይ ለመመላለስ በኅብረት ወጥተው ነበር፤ አምስቱም ታስረውበታል። በሳምንቱ ሁሉ በፋብሪካ ጭስ ውስጥ የሚውል ሰው ስለ አንድ ጋራ ይህን ያህል ዋጋ ከከፈለ፣ ሸክም ዐይንን ያሳውራል ማለት አይቻልም። (የእኛም ሠዓሊዎች እንጨት ተሸካሚዋን በመልክዐ ምድሩ ጥግ እንደ አንዲት የቀለም ነጠብጣብ ማስቀመጥ ያዘወትራሉ። ወደየት እንደምትመለከት ያሳየ ሥዕል እስካሁን አላየሁም።)

ይሁን እንጂ ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ። ነዋሪው ውበቱን የሚያይ ከሆነ መንገዱ እንዳለ ይቆይለት የሚል ነው። እዚህ ላይ የራሴን ነገር መደበቅ አይገባኝም፤ በዚያ ጋራ ላይ ቆሜ «ምነው ይህ አገር መኪና ባይደርስበት!» ብዬ ተመኝቻለሁ። ምኞቴ ግማሽ ቀን አልቆየም። ስንወርድ አራት ጎልማሶች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ከመኪና መንገድ ወደ ራቀው ቁልቁለት ደረሱብን። ገለል ብለን ዱካውን ለቀቅን። ከፊት ያለው ሰው ትከሻው እንደ ጎበጠ በአንገቱ ሰላምታ ሰጠን። ለእርሱ ያ ቁልቁለት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንጂ እንዴት እንደሚያምር የሚነገርበት ሰዓት አልነበረም።

ውበቱን ከባለቤቱ ለይቶ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ከአርባ ምንጭ ሳንርቅ አይተናል። በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አስተዳደሩ አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ የውጭ ድርጅት ሲሰጥ፣ የኮሬና የጉጂ ነዋሪዎች ከክልሉ እንዲነሡ ተደርጓል። ድርጅቱ በ2008 ጥሎ ወጣ። ሰው የሌለበት ውብ አገር ለማግኘት ሲባል ሰውን ማስነሣት፣ ሥዕሉን ለማሳመር ብሎ ሠዓሊውን ከቤቱ እንደ ማባረር ነው።

የጋሞ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን የራሱ ሥርዓት አለው። ነውር የሆነውን፣ ሰውንና ምድርን የሚያጣላውን ሥራ ጎሜ ይለዋል፤ የጋራ ጉዳዩን በዱቡሻ ተቀምጦ ይመክርበታል፤ የማይቆረጡ የተከበሩ ደኖችም አሉት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጣው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቆም እንዲህ ባለ ሥርዓት የሚወሰንበት አገር፣ እንግዳ በየትኛው ዱካ፣ በየትኛው ወቅት፣ ምን ከፍሎ እንደሚሄድ ለመወሰን ከከተማ የሚላክ ካርታ አያስፈልገውም። ዱካውን የጠረገው፣ ከዝናብ በኋላም በደቦ የሚያድሰው እርሱ ነውና፣ መጀመሪያ የሚጠየቀውም እርሱ ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻው ቀን ከአንዲት ወንዝ ደረስን። መሻገሪያዋ በጎርፍ የተነሣ ወደ አንድ ጎን የዘመመ ግንድ ነበር። መምህሩ ለእንግዶች አቅጣጫ የሚጠቁም ሰሌዳ ለመትከል ምቹ ቦታ መሆኑን ሲነግረኝ፣ ከወዲያ ማዶ በግ እየነዱ የመጡ አንድ አዛውንት ሰሙን። ሰሌዳውን አልተቃወሙም። በጎቹን አንድ በአንድ አሻግረው ከጨረሱ በኋላ ግንዱን በበትራቸው መታ መታ አደረጉና፣ ከሰሌዳው በፊት ይኼኛው እንዲቀየር ለሚመለከተው ሰው እንድንናገርላቸው ለመኑን።